የጨዋማ ውሃ አኳሪየም፦ የውሃ ፍሰትና የሳምፕ መጠን

ሳምፕ ከዋናው የዓሣ ገንዳ ሥር የሚቀመጥ ሁለተኛ ገንዳ ነው። የላይኛው ውሃ ከመፍሰሻው ከንፈር፣ ማለትም ሞልቶ ከሚያልፍበት ጠርዝ፣ አልፎ በራሱ ክብደት በቧንቧ ይወርዳል፤ ሳምፑ ውስጥ ተጣርቶ በፓምፕ ተገፍቶ ይመለሳል። የሚወርደው ከገጽ ላይ ያለው ውሃ ስለሆነ የተንሳፈፈው ቅባት አብሮት ይሄዳል። የተሟሟ ቆሻሻን በአረፋ የሚለየው ፕሮቲን ስኪመር፣ ማሞቂያውና የማጣሪያ ከረጢቱም እዚያው ታች ይሆናሉ።

ፍሰት ሲባል ሁለት ነገር አለ፣ ባይምታቱ ጥሩ ነው። አንደኛው በሳምፑ በኩል የሚያልፈው ውሃ ነው፤ በሰዓት የገንዳውን ይዘት ከ3 እስከ 10 እጥፍ ማዞር የተለመደ ሲሆን 5 እጥፍ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ስኪመሩ የሚሠራው የራሱ ፓምፕ በሚስበው ውሃ ስለሆነ ከዚህ በላይ መቸኮል ጫጫታና ደቃቅ የአየር አረፋ እንጂ ሌላ ብዙ ትርፍ የለውም። ሁለተኛው ዋናው ገንዳ ውስጥ የሚሽከረከረው ነው። ኮራል የሚባለው የባሕር እንስሳ ካለበት ቦታ አይነቃነቅም፤ ምግብና ኦክስጅን የሚያመጣለት፣ ዝቃጩን የሚያነሳለት ውሃው ነው። ለስላሳ ኮራሎች በሰዓት ከ10 እስከ 20 እጥፍ ይበቃቸዋል፤ እንደ ድንጋይ የጠነከረ አጽም ያላቸው ቅርንጫፋማዎቹ ኮራሎች 30 እጥፍና ከዚያ በላይ ይወዳሉ። ይህን የሚሠሩት ገንዳው ውስጥ የሚተከሉ የሞገድ ፓምፖች ናቸው። አቅጣጫው የሚለዋወጥ ፍሰት ኮራሉን ፊት ለፊት ከሚመታ ቀጥተኛ ግፊት ይሻላል።

የመመለሻ ፓምፕ ሲመረጥ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ሊትር ውሃውን ወደ ላይ ሳይገፋ የሚሰጠው ነው። አንድ ሜትር ተኩል ሽቅብ ሲገፋ፣ የቧንቧው መታጠፊያዎችና ጥበት ሲጨመሩበት፣ ብዙ ይቀንሳል።

የሳምፑን መጠን በተመለከተ "የገንዳው 30 በመቶ ይሁን" የሚል ምክር ይሰማል። መነሻ ይሆናል እንጂ መልስ አይደለም። መጠኑን የሚወስነው መብራት ሲጠፋ የሚሆነው ነገር ነው። ፓምፑ ሲቆም ከመፍሰሻው ከንፈር በላይ የነበረው ውሃ ይወርዳል፤ የመመለሻው ቧንቧ አፍም አየር እስኪያገኝ ድረስ ውሃውን ወደ ኋላ ይስባል።

120 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ ብንወስድ እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር 6 ሊትር ነው። ውሃው 4 ሴንቲ ሜትር ቢቀንስ 24 ሊትር ይወርዳል፤ ከቧንቧውና ከመፍሰሻ ሳጥኑ 6 ሊትር ቢጨመር 30። ሳምፑ 75 በ40 ከሆነ ይህ ውሃ 10 ሴንቲ ሜትር ያነሳዋል። ስለዚህ ቁመቱ 40 ቢሆን በሥራ ላይ ያለው ውሃ 30 መድረስ የለበትም፤ 25 ላይ ቢያዝ ያሳርፋል። የመመለሻውን አፍ ከውሃው ገጽ ብዙ አለማጥለቅ፣ ቧንቧው ላይ ከገጹ ትንሽ ዝቅ ብላ አየር የምታስገባ ቀዳዳ መብሳትም ይረዳል፤ ቀዳዳዋን አልጌ ስለሚደፍናት ማጽዳት ግድ ነው። ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደውን ቫልቭ ግን ብቻውን ማመን አይገባም፤ አሸዋ ወይም የኖራ ክምችት ካገኘው አይገጥምም።

ተቃራኒውም አደጋ አለ። የመውረጃው ቧንቧ ቢደፈን ፓምፑ በመመለሻው ክፍል፣ ማለትም ራሱ በሚቀመጥበት የሳምፑ ክፍል፣ ያለውን ውሃ በሙሉ ወደ ላይ ይልካል። ያ ክፍል 20 ሊትር ከያዘ ከላይ ያለው ገንዳ ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ባዶ ጠርዝ ያስፈልገዋል። ብዙዎች ሁለተኛ፣ የመጠባበቂያ መውረጃ የሚጨምሩት ለዚህ ነው። ይህ ክፍል በትነት የሚጎድለውም ነው፤ ጠባብ ከሆነ ፓምፑ በአንድ ቀን አየር መሳብ ሊጀምር ይችላል። የሚተነው ውሃው ብቻ ስለሆነ የሚተካው ጨው አልባ በሆነ የተጣራ ውሃ ነው።

ሁሉም ነገር፣ ጨው ከመግባቱ በፊት፣ በተራ ውሃ ይፈተናል፦ ፓምፑን አጥፍቶ መውረዱ እስኪያቆም መጠበቅ፣ ከዚያም ሳምፑ የደረሰበትን ከፍታ መስታወቱ ላይ ማስመር። ቀጥሎ መውረጃውን ሆን ብሎ ደፍኖ ፓምፑን ማስነሳት፤ በዚህኛው ጊዜ እጅ ከማጥፊያው አይራቅ።