«ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ይህን ምሳሌያዊ አነጋገር ያልሰማ አማርኛ ተናጋሪ ያለ አይመስለኝም። በለቅሶ ቤት ይነገራል። በሽምግልና ይነገራል። ግን ሁለተኛውን ግማሽ ብዙ ወጣት ሲያበላሸው እሰማለሁ። «ማን ይርዳ የቀበረ» ይላሉ። እርዳታ መስሏቸው ነው። ነገሩ የእርዳታ ሳይሆን የመርዶ ነው።

አረዳ ማለት የሞት ወሬ ነገረ ማለት ነው። መርዶም ከዚሁ ከአረዳ ጋር የሚዛመድ ቃል ነው። እንግዲህ ምሳሌው ሁለት ጥያቄና ሁለት መልስ ነው። ማን ይናገር? በቦታው የነበረ። ማን ያርዳ? በእጁ አፈር ያለበሰ።

አመጣጡን ለመረዳት የመርዶን ሥርዓት ማወቅ ይበቃል። እኛ ጎንደር ድሮ መርዶ እንዲሁ በወሬ አይነገርም ነበር። ሽማግሌዎች ይመክራሉ። ቅርብ ዘመድ ይጠራል። ከዚያ ጎህ ሳይቀድ በር ይንኳኳል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ያለ ምክንያት አይደለም። መርዶ አንዴ ከተነገረ አይመለስም። እናት ፀጉሯን ትላጫለች፣ ጥቁር ትለብሳለች። ሰውየው በሕይወት ካለ ይህን ማን ይክሰዋል?

እናቴ የምትነግረኝ አንድ ታሪክ አለ። በደርግ ጊዜ ነው። የጎረቤታችን ልጅ ወደ ጦር ሜዳ ሄዶ ጠፋ። ሞቷል የሚል ወሬ ሰፈሩን ሞላው። አንዱ ከገበያ ሰማሁ ይላል፣ ሌላው ከሹፌር ሰማሁ ይላል። ሽማግሌዎቹ ግን እናትየውን አላረዱም። «የቀበረው ይምጣ» አሉ። ከወራት በኋላ አብሮት የነበረ አንድ ወታደር መጣ። አስቀመጡትና ጠየቁት። የት ወደቀ? ማን አነሳው? ከየትኛው ዛፍ ሥር ቀበራችሁት? ወታደሩ ሁሉንም መለሰ። መርዶው የተነገረው በማግስቱ ነው።

ይህን ያነሳሁት ውክፔዲያ ላይ ስጽፍ የገጠመኝን ለመናገር ብዬ ነው። ውክፔዲያ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማንም ገብቶ የሚጽፍበትና የሚያርመው መዝገበ ዕውቀት ነው። የአማርኛውም ክፍል አለ። እኔ ስለ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ። በ1888 እ.ኤ.አ. ከሱዳን የመጡት ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ይህችን ቤተ ክርስቲያን ንቦች ወጥተው አዳኗት የሚለውን። ብዙም ሳይቆይ ሌላ አርታኢ «ምንጭ ይጠቀስ» የሚል ምልክት ለጠፈበት።

በጣም ተናደድኩ። ይህን የነገሩኝ አያቴ ናቸው። አያቴ ሊዋሹ ነው እንዴ?

ከዚያ ቁጭ ብዬ አሰብኩት። አያቴ በ1888 አልተወለዱም። እሳቸውም ከእናታቸው ነው የሰሙት። በራሳችን ምሳሌ ቢመዘን እንኳ አያቴ «የነበረ» አይደሉም። አያቴ የሚመሰክሩት ታሪኩ በጎንደር እንደሚነገር ነው። ለዚያ ታማኝ ምስክር ናቸው። ንቦቹን ግን አላዩም። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ደባልቄ ነበር ማለት ነው።

እሺ፣ ራሴ ያየሁትን ብጽፍስ? በጥምቀት ዕለት ፋሲል መዋኛ ቆሜ ነበር፣ አይቻለሁ ብልስ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚቀየመው። ውክፔዲያ አርታኢው ራሱ ያየውን ወይም ራሱ የደረሰበትን አይቀበልም። ቀድሞ በታመነ ቦታ የታተመ ነገር ይፈልጋል። ታዲያ ይህ ከምሳሌያችን ጋር አይጋጭም? የነበረ ይናገር አላልንም?

አይጋጭም ባይ ነኝ። ያን ወታደር አስቡት። ሽማግሌዎቹ ያመኑት ነበርኩ ስላለ ብቻ አይደለም። ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ ስለተጠየቀ ነው። ማን እንደሆነ ታውቋል። ቢዋሽ የሚይዙት ሰው ነው። እኔ ግን ኢንተርኔት ላይ አንድ የብዕር ስም ነኝ። አንባቢው ጠርቶ ሊጠይቀኝ አይችልም። መጽሐፍ ግን ደራሲ አለው፣ አሳታሚ አለው፣ ገጽ አለው። ጅማ ያለ ተማሪም፣ ዋሽንግተን ያለ ሰውም ገጹን ገልጦ ሊጠይቀው ይችላል። ምንጭ መጥቀስ ምስክር መቁጠር ነው። የተቆጠረው ምስክር ደግሞ በተጠራ ጊዜ የሚቀርብ መሆን አለበት።

የከተማችንን ትልቁን ምሳሌ እንይ። የፋሲልን ግንብ ማን ሠራው ብትሉ ብዙ ሰው ሳያመነታ «ፖርቱጋሎች» ይላችኋል። አንዳንዱ እንዲያውም ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ኢየሱሳውያን የሚባለው የካቶሊክ ማኅበር ቄስ ነው ይላል። ፓኤዝ የሞተው በ1622 እ.ኤ.አ. ነው። ዐፄ ፋሲል የነገሡት በ1632 እ.ኤ.አ.። ሰውየው ከሞተ ከ10 ዓመት በኋላ በነገሠ ንጉሥ ዘመን እንዴት ግንብ ይሠራል? ፋሲል ደግሞ ከነገሡ በኋላ ኢየሱሳውያኑን ከአገር ያስወጡ ንጉሥ ናቸው። በ1648 እ.ኤ.አ. ከየመን ኢማም ተልኮ ጎንደር የመጣ አል ሐይሚ የሚባል መልእክተኛ ነበር። ቤተ መንግሥቱን በዓይኑ አይቶ ጽፏል። ግንበኛው ሕንዳዊ ነው ብሎ ነው የጻፈው። እሱ «የነበረ» ነው። የፖርቱጋሉ ወሬ ግን እስከ ዛሬ ከአንዱ ድረ ገጽ ወደ ሌላው ይገለበጣል።

ይህ መገለባበጥ የባሰ ጣጣም አለው። አንድ ሰው ያለ ምንጭ ውክፔዲያ ላይ ይጽፋል። ጋዜጠኛ ከዚያ ይወስዳል። ከዚያ ሌላ አርታኢ ያንን ጋዜጣ ምንጭ ብሎ ይጠቅሳል። ወሬው ዞሮ ለራሱ ምስክር ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ነው ውክፔዲያ ራሱን እንኳ እንደ ምንጭ የማይቀበለው። ደግ ያደርጋል።

ግን የነበረም ሁሉ በሁሉም ነገር አይታመንም። ጄምስ ብሩስ የሚባለው ስኮትላንዳዊ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ገባ። እቴጌ ምንትዋብን በቁስቋም አግኝቷል፣ በፈንጣጣ የታመሙ ልጆችን አክሟል። ስለዚያ ዘመን ጎንደር የጻፈው እንደ ወርቅ የሚቆጠር ነው። በዚያው ዓመት ግሽ ዓባይ ደረሰና የዓባይን ምንጭ ያየሁ የመጀመሪያው አውሮፓዊ እኔ ነኝ አለ። ፓኤዝ ግን በ1618 እ.ኤ.አ. እዚያው ደርሶ ነበር። ብሩስ ስለ ፓኤዝ ሰምቷል፣ ሊያምን ግን አልፈለገም። ስላየው ነገር ጥሩ ምስክር የሆነ ሰው ስለ ራሱ ክብር ሲናገር ደካማ ምስክር ሊሆን ይችላል። ውክፔዲያ የዓይን ምስክሩን ብቻ ሳይሆን ምስክሩን ከሌሎች ጋር አስተያይቶ የመረመረ የታሪክ ምሁር የጻፈውን የሚያስቀድመው ለዚህ ነው። ሽማግሌዎቹም ወታደሩን ዝም ብለው አልሰሙትም፣ ጠይቀውታል።

ይህ ሁሉ ከውጭ የመጣ ልማድ ለሚመስለው ሰው አንድ ነገር ልበል። ጎንደር የአንድምታ፣ ማለትም የቅዱሳት መጻሕፍት ትርጓሜ አገር ናት። የትርጓሜ መምህር ቃሉን ከፈታ በኋላ የሚደግፈውን ጥቅስ ከመጽሐፍ ያመጣል። ጥቅሱን ጨርሶ «እንዲል» ይላል። ሌላ አተረጓጎም ካለም «አንድም» ብሎ ያስከትላል፣ አይደብቀውም። ያ «እንዲል» ምን እንደሆነ አስተውሉት። የዛሬው የግርጌ ማጣቀሻ ቁጥር የሚሠራውን ሥራ ነው የሚሠራው። «አንድም» ደግሞ ምሁራን ሲለያዩ ሁለቱንም ማስፈር ነው።

መጻፍ ለምትፈልጉ ጥቂት ልጨምር። ምንጩ በእንግሊዝኛ መሆን የለበትም። ኢንተርኔት ላይ መገኘትም አይጠበቅበትም። ቤተ መጻሕፍት ያለ የአማርኛ መጽሐፍ ወይም የቆየ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ይበቃል። ደራሲውን፣ ርዕሱን፣ ዓመቱን፣ ገጹን ጻፉ። ያላነበባችሁትን መጽሐፍ ሌላ ሰው ስለጠቀሰው ብቻ አትጥቀሱ። የግለሰብ የፌስቡክ ገጽ ምስክር አይሆንም፣ የሚጽፈው ሰው የቱንም ያህል ብናከብረው።

ዓመተ ምሕረትን ደግሞ አደራ። እኔ በጣም ያየሁት ስሕተት ይህ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የጀመረው በ1954 እ.ኤ.አ. ነው። አንዱ «እ.ኤ.አ.» የምትለዋን ጥሎ «1954 ዓ.ም.» ብሎ ሲገለብጠው ኮሌጁ ሰባትና ስምንት ዓመት ዘግይቶ ይወለዳል። ምንጩ ተጠቅሶ ቢሆን አንባቢው ራሱ አይቶ ያርመው ነበር።

የንቦቹን ዓረፍተ ነገር አላጠፋሁትም። የጎንደርን ትውፊት የመዘገበ መጽሐፍ ፈልጌ አገኘሁና እንደገና ጻፍኩት። «ንቦች አዳኗት» የሚለውን «ንቦች እንዳዳኗት በአካባቢው ይነገራል» አልኩት፣ ገጹንም ጠቀስኩ። ለአያቴ አነበብኩላቸው። «አዎ፣ እንዲህ ነው የሚባለው» አሉኝ።