የአሜሪካ አገረ ገዥዎች ዳግም የመመረጥ ዕድል እና የመራጩ አስተያየት

በአሜሪካ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እንደገና የሚወዳደር አገረ ገዥ አብዛኛውን ጊዜ ያሸንፋል። በ2022 ዓመተ ምሕረት 36 ግዛቶች ገዥ መርጠዋል (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በኖቬምበሩ ምርጫ ከቀረቡት ነባር ገዥዎች መካከል ወንበሩን ያጣው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የኔቫዳው ስቲቭ ሲሶላክ። እሳቸውም የተሸነፉት ለጥቂት ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ገዥ ስሙ ይታወቃል። ጎርፍ ሲመጣ ቴሌቪዥን ላይ የሚታየው እሱ ነው። መንገድ ሲመረቅ ሪባን የሚቆርጠውም እሱ ነው። ለዘመቻ ገንዘብ ማሰባሰብም ይቀለዋል።

ደንቡ ከግዛት ግዛት ይለያያል። በ48 ግዛቶች የሥልጣን ዘመኑ 4 ዓመት ነው። በኒው ሃምፕሸር እና በቨርሞንት 2 ዓመት ብቻ። ብዙዎቹ ግዛቶች አንድ ሰው ስንት ዘመን መግዛት እንደሚችል ገደብ አላቸው። ቨርጂኒያ ደግሞ ከሁሉም ትለያለች፤ ገዥዋ በተከታታይ ሁለት ጊዜ መወዳደር አይችልም።

እንግዲህ የሚሸነፉት በምንድን ነው? የብዙ ምርጫዎችን ታሪክ ሳገላብጥ ደጋግሞ የሚመጣብኝ አንድ ነገር አለ። ሰው ፕሬዚዳንቱን በፓርቲው ሊመዝነው ይችላል። ገዥውን ግን ቤቱ ድረስ በገባው ነገር ይመዝነዋል፤ በመኪና ታርጋ ክፍያ፣ በመብራት፣ በልጁ አስተማሪ፣ በሱቅ ደረሰኝ።

ቢል ክሊንተን ይህን የተማሩት በ34 ዓመታቸው ነው። የአርካንሳስ ገዥ ሆነው መንገድ ለመሥራት ሲሉ የመኪና ዓመታዊ ክፍያን ጨመሩ። ክፍያው የተሰላው በመኪናው ክብደት ነበር። አሮጌ ፒካፕ የሚነዳው ገበሬ ቀላል አዲስ መኪና ካለው ሰው በላይ ሊከፍል ነው ማለት ነው። ታርጋ ለማሳደስ የሄደ ሁሉ ጭማሪውን መስኮቱ ላይ ሲደርስ አየው። በ1980 በፎርት ቻፊ የጦር ሰፈር የሰፈሩ የኩባ ስደተኞች ጉዳይ ሌላ ቁጣ ጨመረበት። በዚያው ዓመት ክሊንተን በፍራንክ ዋይት ተሸነፉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ቀርበው ሕዝቡን ይቅርታ ጠየቁ፣ ወንበራቸውንም አስመለሱ። አጠፋሁ ብሎ ሕዝብ ፊት መቆም ቀላል አይደለም። መራጩም ቆጠረላቸው።

በካሊፎርኒያም የመኪና ክፍያ ገዥ ጥሏል። ግሬይ ዴቪስ በ2002 ዳግም ተመርጠው ዓመት ሳይሞላቸው ሕዝቡ አወረዳቸው። ከጀርባው የመብራት ቀውስ እና የበጀት ጉድለት ነበር። ነገሩን ያባባሰው ግን የመኪና ክፍያው በሦስት እጥፍ መጨመሩ ነው። በኦክቶበር 2003 ድምፅ ከሰጡት 55 በመቶው ይውረዱ አለ። የተተኩት አርኖልድ ሽዋርዜኔገር ሥራ በጀመሩበት ቀን ያንን ጭማሪ ሰረዙት።

እንዲህ ያለው ከዘመን በፊት የማውረድ ምርጫ በሁሉም ግዛት የለም። በታሪክ ለገዥ የተደረገውም 4 ጊዜ ብቻ ነው። በ1921 የሰሜን ዳኮታው ሊን ፍሬዚየር፣ በ2003 ደግሞ ዴቪስ ወረዱ። በ2012 የዊስኮንሲኑ ስኮት ዎከር፣ በ2021 የካሊፎርኒያው ጋቪን ኒውሰም ተረፉ።

ፓርቲ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ግን ኬንታኪን ተመልከቱ። በ2016 ዶናልድ ትራምፕ እዚያ በ30 የመቶኛ ነጥብ ገደማ አሸንፈዋል። በ2019 ሪፐብሊካኑ ገዥ ማት ቤቪን በዴሞክራቱ አንዲ ቤሺር በ5,100 ገደማ ድምፅ ተሸነፉ። በዚያው ቀን፣ በዚያው ወረቀት ላይ በግዛት ደረጃ የተወዳደሩት ሌሎች ሪፐብሊካኖች በሙሉ አሸንፈዋል። ስለዚህ መራጩ የተጣላው ከፓርቲው ጋር ሳይሆን ከሰውየው ጋር ነበር። ቤቪን ከመምህራን ጋር በጡረታ ጉዳይ ተካረዋል፣ ክፉ ቃልም ተናግረዋል። መምህር ደግሞ በየሰፈሩ አለ። ቤሺር በ2023 በድጋሚ አሸነፉ። በመሃል የሜይፊልድ ከተማን ያወደመው አውሎ ነፋስ እና የምሥራቅ ኬንታኪ ጎርፍ ነበሩ፤ ገዥው በሁለቱም ከሕዝቡ ጋር ታይተዋል። ሪፐብሊካኑ ፊል ስኮትም በዴሞክራቶቹ ቨርሞንት በ2024 ከ70 በመቶ በላይ ድምፅ አግኝተዋል።

አሁን ወደ ጥናቶቹ እንምጣ። የሕዝብ አስተያየት ጥናት ብዙ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቃል፤ ሰዎች ግን አንድ አድርገው ያነቡታል። «የገዥውን ሥራ ትደግፋለህ?» አንድ ጥያቄ ነው። «እንደገና ሊመረጥ ይገባዋል?» ሌላ ነው። «ዛሬ ምርጫ ቢሆን ማንን ትመርጣለህ?» ደግሞ ሦስተኛ። ሥራውን እየደገፈ አዲስ ሰው የሚፈልግ አለ። እየተነጫነጨም ተቀናቃኙን ስለሚፈራ ነባሩን የሚመርጥ አለ። የተጠየቀው ማን እንደሆነም ይታይ፤ የተመዘገበ ሁሉ ድምፅ ለመስጠት አይወጣም። ደግሞ 600 ሰው የጠየቀ ጥናት የስህተት ክልሉ (ውጤቱ ከእውነተኛው ከፍ ወይም ዝቅ ሊል የሚችልበት መጠን) 4 ነጥብ ገደማ ነው። በሁለቱ ተወዳዳሪዎች መካከል ባለው ልዩነት ላይ ሲሆን ይህ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ የ4 ነጥብ ብልጫ አይቶ «አለቀለት» ማለት ስህተት ነው።

ኒው ጀርዚ ለዚህ ሁሉ ጥሩ ማሳያ ናት። በ2021 የሞንማውዝ ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ጥናት ለገዥው ፊል መርፊ የ11 ነጥብ ብልጫ ሰጥቶ ነበር። ያሸነፉት በ3 ነጥብ ገደማ ነው። የጥናቱ ኃላፊ በጋዜጣ ይቅርታ ጠየቁ፤ ሊመሰገኑበት ይገባል። ከመርፊ በፊት ገዥ የነበሩት ክሪስ ክሪስቲ ከሳንዲ አውሎ ነፋስ በኋላ ድጋፋቸው ከ70 በመቶ አልፎ ነበር፤ በ2013ም 60 በመቶ አግኝተው ተመረጡ። በ2017 አንድ ጥናት 15 በመቶ ላይ አገኛቸው።

በዚችው ግዛት ገዥው ጂም ፍሎሪዮ በ1990 ግብር ጨመሩ፤ የሽያጭ ታክሱ ሶፍትን ሳይቀር ነካ። ሰዎች የሽንት ቤት ወረቀት ይዘው በግዛቲቱ ዋና ከተማ በትሬንተን ሰልፍ ወጡ። የ2.8 ቢሊዮን ዶላር ጭማሪ ለብዙ ሰው ቁጥር ብቻ ነው። ሶፍት ግን ሁሉም ቤት አለ። ፍሎሪዮ በ1993 በክሪስቲን ዊትማን ለጥቂት ተሸነፉ።

ሆኖም ግብር የጨመረ ሁሉ አይወድቅም። ብሬንደን በርን በ1976 ኒው ጀርዚ ላይ የገቢ ግብር ጣሉ። የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የትምህርት ቤቶች ገንዘብ ካልተገኘ ብሎ ትምህርት ቤቶችን እስከ መዝጋት ደርሶ ነበር። «የአንድ ዘመን ገዥ» ተብለው ተሳለቁባቸው። እሳቸው ግን ገንዘቡ የቤት ግብርን እንደሚያቀል ደጋግመው አስረዱ። በ1977 ተቀናቃኛቸው ሬይ ቤትማን ግብሩን አነሳለሁ አሉ። መራጩም በምትኩ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ጠየቃቸው። የሰጡት መልስ አላሳመነም። በርን ከ55 በመቶ በላይ አግኝተው ተመለሱ።