«እሽጉ ጀርም ይገድላል» ማለት ፍሪጅ አያስፈልግም ማለት አይደለም

ጅማ ውስጥ ሞርታዴላና ሳላሚ ከሚሸጠውም ከሚገዛውም አንድ አባባል ይሰማል፦ «እሽጉ ጀርም ገዳይ ነው፤ መብራት ቢጠፋም ምንም አይሆንም።» ይሆናል እንጂ! ይህ አባባል ሰው ያሳምማል።

ጀርም ገዳይ የሚባለው እሽግ በውስጥ በኩል እንደ ኒሲን ያለ ባክቴሪያ የሚያጠቃ ንጥረ ነገር የተቀባ ፕላስቲክ ነው። የሚሠራው ስጋውን በነካበት ቦታ ብቻ ነው። ተደራርቦ የታሸገ ቁራጭ መሃሉ ፕላስቲኩን አያገኘውም። ኒሲን ሊስቴሪያ የሚባለውን በምግብ የሚተላለፍ ባክቴሪያ ያዳክማል እንጂ ሳልሞኔላና ኢ. ኮላይ የሚባሉትን ሌሎች ባክቴሪያዎች ብቻውን አይበግራቸውም፤ የውጭ ሽፋናቸው አያስገባውም። በግራም 10,000 ሊስቴሪያ ካረፈ፣ እሽጉ መቶ እጥፍ ቢቀንሰው እንኳ 100 ይተርፋል። የተረፈው በ4 ዲግሪም ቀስ እያለ ይባዛል፤ ሙቀት ካገኘማ በሰዓታት ውስጥ እጥፍ ድርብ ይሆናል። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ያለ በረዶ የተጓዘን ስጋ የትኛውም ፕላስቲክ አያድነውም። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን አትክፈቱ፤ ተዘግቶ 4 ሰዓት ያህል ይቆያል። ከ5 ዲግሪ በላይ ከ2 ሰዓት በላይ የቆየውን ጣሉት።

«ቫኪዩም ነው፣ አየር የለውም።» ሊስቴሪያ ያለ አየርም ያድጋል። ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ጭራሽ አየር የሌለበትን ይመርጣል።

«አልሸተተም።» ሊስቴሪያ ሲበዛ ሽታም ቀለምም ላይለውጥ ይችላል።

«ተቀቅሎ ነው የመጣው።» እውነት ነው፤ መሃሉ 70 ዲግሪ ደርሶ ለ2 ደቂቃ ከቆየ ሊስቴሪያ ይሞታል። ተመልሶ የሚገባው ግን ሲቆረጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 እና 2018 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከ1,000 በላይ ሰው የታመመበት፣ ከ200 በላይ የሞተበት ወረርሽኝ ምንጩ ፖሎኒ የሚባል የበሰለ ስጋ ነበር። ስለዚህ ባለሱቆች፣ የመቁረጫ ማሽኑን ስለት ፈታችሁ ፍርፋሪውን ጥረጉ፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡ፣ አለቅልቁ። ከዚያ በኋላ ነው 5 በመቶ በረኪና በ1 ሊትር ውሃ 4 ሚሊ ሊትር በጥብጣችሁ የምታፈሱበት። ቅባት ሳይለቅ በረኪና ብትደፉበት ኃይሉን ቅባቱ ይጨርሰዋል። በጨርቅ አትወልውሉት፤ ራሱ ይድረቅ። ጥሬ ስጋ የቆረጠ ማሽን ሳይታጠብ ሞርታዴላ አይንካ።

«ፍሪዘር ይገድለዋል።» አይገድለውም፤ ያስተኛዋል።

ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች ሞርታዴላውን እንፋሎት እስኪወጣው አሙቃችሁ ስጧት። ሊስቴሪያ ከያዛት እሷ ራሷ ትኩሳት ብቻ ሊሰማት ይችላል፤ ጽንሱ ግን ሊወርድ ይችላል፣ ምልክቱም ከበላች ከሳምንታት በኋላ ሊመጣ ይችላል።