አርተር ዳውቲ፦ የካናዳን ቤተ መዛግብት ለ31 ዓመት የመራው ሰው

አርተር ዳውቲ ከ1904 እስከ 1935 የካናዳ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ኃላፊ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ዛሬ ካናዳ ስለ ጥንት ታሪኳ የምታነባቸው አብዛኞቹ ወሳኝ ወረቀቶች እሷ እጅ የገቡት በእሱ ዘመን ነው። አገሩ ግን ካናዳ አልነበረም። የተወለደው በ1860 እንግሊዝ ውስጥ ሜይደንሄድ በምትባል ከተማ ሲሆን፣ ኦክስፎርድ ተምሮ በ1886 ወደ ካናዳ ተሻገረ። መጀመሪያ ሞንትሪያል ውስጥ ለጋዜጣ ስለ ቴአትር ይጽፍ ነበር። ቀጥሎ የኩቤክ መንግሥት ሠራተኛ ሆነ፤ በ1901 ደግሞ የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊነትን ከሌላ ሰው ጋር ተጋራ።

ከእሱ በፊት የነበረው ዳግላስ ብሪምነር በ1872 ሥራውን ሲጀምር የተሰጠው ሦስት ባዶ ክፍልና ግልጽ ያልሆነ መመሪያ ብቻ ነበር። ቤተ መዛግብቱም በግብርና ሚኒስቴር ሥር ነበር። ብሪምነር በዚያ አቅሙ ለንደን ያሉ ሰነዶችን በእጅ ማስገልበጥ ጀመረ። ለዚህ ሰው ትልቅ ክብር ይገባዋል፤ ዳውቲ ከዜሮ አልተነሳም።

ዳውቲን ልዩ ያደረገው የመሰብሰብ ፍቅሩ ነው። ካናዳ በፈረንሳይ፣ ቀጥሎም በእንግሊዝ ስትገዛ ስለኖረች ታሪኳ የተጻፈባቸው ወረቀቶች ባሕር ማዶ ቀርተው ነበር። ገሚሱ በለንደንና በፓሪስ መሥሪያ ቤቶች፣ ገሚሱ ደግሞ ድሮ ገዥ ሆነው በተላኩ መኳንንት ልጆችና የልጅ ልጆች ቤት። የመሥሪያ ቤቶቹን ሰነድ ገልባጮች ቀጥሮ አስገለበጠ። ለመኳንንቱ ግን ገንዘብም ሕግም አይሠራም። ዳውቲ ራሱ ሄዶ ይተዋወቃቸዋል፣ ያጫውታቸዋል፣ ያግባባቸዋል። የሎርድ ደራም ወረቀቶች የተገኙት እንዲህ ነው። ደራም በ1839 ባቀረበው ሪፖርት የካናዳን አስተዳደር አቅጣጫ የለወጠ ሰው ስለሆነ፣ የእሱን ደብዳቤዎች ማግኘት ቀላል ነገር አልነበረም።

ወረቀት ብቻም አልሰበሰበም። ካርታ፣ ሥዕል፣ ፎቶግራፍ፣ ፖስተር፣ ሁሉንም ይፈልጋል። በ1800ዎቹ መጀመሪያ የተሠራውን የኩቤክ ከተማ ትልቅ ሞዴል በ1908 ከእንግሊዝ አስመጣ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላም የተማረኩ መሣሪያዎች ወደ ካናዳ እንዲገቡ ያስተባበረው እሱ ነው። አንዳንዱ የቤተ መዛግብት ሰው ይህ የሙዚየም ሥራ ነው ይል ይሆናል። ለእኔ ግን ትክክል ነበር። የተራው ሰው ሕይወት የሚገኘው ብዙውን ጊዜ በመንግሥት ደብዳቤ ውስጥ አይደለም፤ ፎቶውና ፖስተሩ ላይ ነው።

ያገኘውን ቆልፎ አላስቀመጠም። ከታሪክ ምሁሩ አዳም ሾርት ጋር ሆኖ የካናዳን ሕገ መንግሥታዊ ታሪክ የሚያሳዩ ሰነዶች አሳተመ። ሁለቱ ያዘጋጁት የካናዳና የክፍለ ሀገሮቿ ታሪክም 23 ቅጽ ሆኖ ወጣ። በእሱ ጊዜ ኦታዋ ሳሴክስ ጎዳና ላይ ለቤተ መዛግብቱ የራሱ ሕንጻ ተሠራለት። የ1912ቱ ሕግ ደግሞ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት አደረገው።

ጡረታ ሲወጣ በ1935 የ«ሰር» ማዕረግ ተሰጠው፤ በሚቀጥለው ዓመት አረፈ። ሐውልትም ቆሞለታል። መዛግብት ከአገር ሀብት ሁሉ የከበሩ፣ ትውልድ ለትውልድ የሚያወርሳቸው ስጦታ ናቸው የሚለው ቃሉ ተቀርጾበታል። ለመንግሥት ሠራተኛ ሐውልት ሲቆም ብዙ አይታይም። ቤተ መዛግብቱ በ2004 ከብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ጋር ተዋሕዷል።

አንድ ነገር ግን ሳይጨርስ ሄዷል፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በየቀኑ የሚያመርቱት ፋይል። እሱም አባል የነበረበት ኮሚሽን በ1914 ባቀረበው ሪፖርት የየሚኒስቴሩ መዛግብት በጣም በመጥፎ ሁኔታ ላይ መሆናቸውን ገልጾ፣ መፍትሔም ጠቁሞ ነበር። በዚያው ዓመት ጦርነቱ ተነሳና ነገሩ ተረሳ። ምን እንደሚቀመጥና ምን እንደሚወገድ የሚወስነው ሥርዓት በደንብ የተዘረጋው በ1966 በወጣ የመንግሥት ትእዛዝ ነው፤ ዳውቲ ካረፈ ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ።