«እኔ» የሚለው ማን ነው? ስለ ቪክቶሪያ ዘመን መነባንብ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንድ መስፍን ግድግዳው ላይ ያለውን መጋረጃ ገለጥ ያደርጋል። ከመጋረጃው ኋላ የሴት ሥዕል አለ። «የመጨረሻዋ ዱቼስ ይቺ ናት» ይላል ለእንግዳው፤ ሚስቱን ማለቱ ነው። «በሕይወት ያለች ትመስላለች። ይቀመጡና ይዩአት።»

ይህ የእንግሊዛዊው ገጣሚ የሮበርት ብራውኒንግ ግጥም የታተመው በ1842 ነው (ዘመኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። እንዲህ ያለውን ግጥም እንግሊዞች ድራማቲክ ሞኖሎግ ይሉታል። እኛ መነባንብ ብንለው ያስኬዳል። ልዩነቱ፣ የእኛ መነባንብ መድረክ ላይ ይቀርባል፤ ይሄኛው ግን ተጽፎ የሚነበብ ነው። ግጥሞቹን በጣም ስለምወዳቸው፣ ደጋግሜ የምሰማቸውን ስሕተቶች ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

«ገጣሚው ስለ ራሱ ነው የሚጽፈው»

ግጥም ውስጥ «እኔ» የሚል ስናይ ወዲያው ገጣሚውን እናስባለን። ብራውኒንግ ግን በ1842ቱ መድበል መግቢያ ላይ በግልጽ ተናግሯል። ግጥሞቹ የብዙ ምናባዊ ሰዎች ንግግሮች ናቸው፣ የእኔ አይደሉም ብሏል። እውነቱን ነው። እዚያው መድበል ውስጥ አንድ ሰው ፍቅረኛውን በገዛ ፀጉሯ አንቆ ይገድላታል። ሌሊቱን ሙሉ አስጠግቷት ይቀመጣል። በመጨረሻም «እግዚአብሔርም እስካሁን አንድ ቃል አልተናገረም» ይላል። ይህ «እኔ» ገጣሚው ከሆነ ብራውኒንግን ነፍሰ ገዳይ ልናደርገው ነው።

በነገራችን ላይ ይህ ግጥም መጀመሪያ በመጽሔት የወጣው በ1836 ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ ዙፋን ላይ የወጣችው ደግሞ በ1837። «የቪክቶሪያ ዘመን ግጥም» የምንለው ንግሥቷን ቀድሞ ጀምሯል ማለት ነው።

«ብቻውን የሚያወራ ሰው ነው»

መድረክ ላይ ብቻውን ቆሞ የልቡን የሚያወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ይናገራል። የሚዋሸው ሰው የለማ። እዚህ ግን ሰሚ አለ። መስፍኑ የሚያናግረው የአንድ ኮንት (ባላባት) መልእክተኛን ነው። ጉዳዩ ጋብቻ ነው። መስፍኑ የኮንቱን ልጅ ሊያገባ ነው፤ አባትየው ከልጁ ጋር ስለሚሰጠው ሀብትም እየተነጋገሩ ነው።

መልእክተኛው አንድ ቃል አይተነፍስም፤ ሆኖም እናየዋለን። «ይቀመጡ» ሲባል ቆሞ እንደነበር እናውቃለን። መጨረሻ ላይ መስፍኑ «አብረን እንውረድ» ይለዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ሰውየው ቀድሞ ደረጃውን ሊወርድ ብሎ ነበር። ይህን ሁሉ ሰምቶ ማን እግሩ ይጸናል?

ምን ሰማ? የሚስቱ ጥፋት ፈገግታዋ ነበር። የባሏ ስጦታ፣ የፀሐይ መጥለቅ፣ አንዱ ከአትክልቱ ቦታ ቆርጦ ያመጣላት የቼሪ ዝንጣፊ፣ የምትጋልባት ነጭ በቅሎ፣ ሁሉም እኩል ያስደስታታል። መስፍኑን ያንገበገበው ይሄ ነው። የዘጠኝ መቶ ዓመት ስም ሰጥቻት፣ ከማንም ተራ ሰው ስጦታ እኩል ታየዋለች ይላል። ታዲያ ለምን አልነገራትም? መንገር ዝቅ ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ ዝቅ አልልም ባይ ነው። ከዚያ እንዲህ ይላል፦ «ትእዛዝ ሰጠሁ፤ ፈገግታው ሁሉ ባንዴ ቆመ።»

በቃ። ወዲያው ወደ ጋብቻው ወሬ ይመለሳል። በመንገዳቸው ላይም የባሕር አምላክ የሚባለው ኔፕቱን የባሕር ፈረስ ሲገራ የሚያሳይ የነሐስ ሐውልት ያሳየዋል።

ብዙ ሰው ይህን እንደ ኑዛዜ ያነበዋል። እኔ ማስጠንቀቂያ ነው የምለው። ለምትመጣዋ ሙሽራ መልእክት እየላከ ነው፣ በአባቷ ሰው በኩል። ሰሚውን ከግጥሙ ብናወጣው ይህ ሁሉ ይጠፋል። የሚገርመው ግን ሌላ ነው። ሰውየው ሚስቱን ሊያሳጣ ተነሥቶ ሚስቱን አስወደደን።

«እውነተኛ ታሪክ ነው፤ ገድሏታል»

ግጥሙ ርዕሱ ሥር ፌራራ የሚል የጣሊያን ከተማ ስም አለው። ስለዚህ መስፍኑን የፌራራው ዳግማዊ አልፎንሶ ነው ይሉታል። የመነሻ ሐሳቡ ከዚያ መምጣቱን እኔም እቀበላለሁ። የአልፎንሶ ሚስት ሉክሬዚያ ዴ ሜዲቺ በ1561፣ ገና በ16 ዓመቷ ሞታለች። ተመርዛ ነው የሚል ሐሜት ተናፍሷል፤ የታሪክ ሰዎች ግን የሳንባ ነቀርሳ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። በግጥሙ ውስጥ ያሉት ሠዓሊውና ሐውልት ሠሪው ደግሞ የብራውኒንግ ፈጠራ ናቸው።

ግጥሙ ውስጥም «ገደልኳት» የሚል ቃል የለም። ብራውኒንግ ራሱ ትእዛዙ ምን እንደነበር ተጠይቆ፣ እንድትገደል ነው ብሎ መለሰ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ ገዳም አስገብቷትም ሊሆን ይችላል አለ።

«እንደ ወሬ ስለሚፈስ ቤት አይመታም»

ይመታል። የመስፍኑ ግጥም 56 ስንኞች አሉት፤ ሁለት ሁለት እየሆኑ ቤት ይመታሉ። ዓረፍተ ነገሩ ግን ስንኙ ሲያልቅ አብሮ አያልቅም፣ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። ጆሮ ቤቱን የሚስተው ለዚህ ነው።

«የእኛው ሰምና ወርቅ ነው»

ይህን የሚሉት ቅኔ የሚወዱ ሰዎች ናቸው፤ ለምን እንደሚሉት ይገባኛል። ሁለቱም ላይ ከተባለው ሥር ያልተባለ አለ። ነገር ግን በቅኔ ሰሙንም ወርቁንም የሚያውቀው ባለቅኔው ነው። ሆን ብሎ ይሰውረዋል፣ ሆን ብሎ ያስፈታዋል። በመነባንቡ ተናጋሪው ወርቁን አያውቀውም። ሳያስበው ነው የሚያመልጠው።

ስንክሳር የሰማ ሰው የስምዖን ዘዓምድን ስም ያውቃል። ሌላው እንግሊዛዊ ገጣሚ ቴኒሰንም በ1842 ባሳተመው መድበል ይህንን ስም ለአንድ ተናጋሪ ሰጥቶታል። የምናገረው ስለ ግጥሙ ሰውዬ እንጂ ስለ ቅዱሱ አይደለም። የግጥሙ ስምዖን ከራሴ እስከ እግሬ የኃጢአት ቅርፊት ነኝ ብሎ ይጀምራል። ከዚያ መቁጠር ይጀምራል። 3 ዓመት ባለ 6 ክንድ ዓምድ ላይ፣ 3 ዓመት ባለ 12፣ 6 ዓመት ባለ 20፣ 20 ዓመት ባለ 40 ክንድ ላይ። ከሰው ሁሉ የማንስ ነኝ እያለ ክንድ ይለካል። እኔ ካልዳንኩ ማን ይድናል ይላል። የሚሞትበትን ሰዓት ሳይቀር ይናገራል፦ ዛሬ ሌሊት፣ ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ።

ትሕትናውን የሚያወራው ራሱ ነው። ትዕቢቱን የምንሰማው እኛ ነን።

«ዩሊሲስ የማነቃቂያ ንግግር ነው»

የቴኒሰን «ዩሊሲስ» የመጨረሻ ስንኝ መጣር፣ መሻት፣ ማግኘት፣ እጅ አለመስጠት ይላል። በ2012 የለንደን ኦሎምፒክ የአትሌቶች መንደር ውስጥ ተጽፎ ነበር። ያምራል። ግን የሚናገረው የጥንቱ የግሪክ ባለቅኔ ሆሜር ታሪኩን የተረከለት፣ አሁን ያረጀ ንጉሥ ነው። ሚስቱ አርጅታለች ብሎ ያማርራል፣ ሕዝቡን አረመኔ ይለዋል፣ መንግሥቱን ለልጁ ጥሎ ባሕር ሊሄድ ይነሣል። ደግሞም በሆሜር ታሪክ አብረውት የዘመቱት መርከበኞች ሁሉ አልቀዋል። ታዲያ «ኑ፣ ወዳጆቼ» የሚለው ማንን ነው?

እዚህ ላይ ግን የመጀመሪያውን ነጥቤን ትንሽ ላላላ። ቴኒሰን ይህን የጻፈው የሚወደው ጓደኛው አርተር ሃለም በ1833 በሞተ ጊዜ ነው፤ ሐዘኑ እንዳለበት ራሱ ተናግሯል። በሌላ ሰው አፍ የራስን ኀዘን መናገርም ይቻላል።

ቴኒሰንና ጎረቤቶቹ ከእኛም ያን ያህል ሩቅ አይደሉም። ከመቅደላ በኋላ በ1868 የ7 ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ወደ ዋይት ደሴት ተወስዶ ነበር። እዚያ ፎቶ ያነሣችው ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሩን የቴኒሰን ጎረቤት ነበረች። ያን ዝም ያለ የልጅ ፊት ባየሁ ቁጥር፣ «እኔ» ብሎ ቢጀምር ምን ይል ነበር እላለሁ።

«የወንዶች ሥራ ነው»

የብራውኒንግ ሚስት ኤልዛቤት ባሬት ብራውኒንግ ከባርነት ያመለጠች ጥቁር ሴትን «እኔ» አድርጋ ጽፋለች። ግጥሙ በ1848 የወጣው ባርነትን የሚቃወሙ አሜሪካውያን ቦስተን ላይ በሚያሳትሙት ዓመታዊ መድበል ነው።

እኔ ግን አንድ ብቻ አንብቡ ብባል የኦገስታ ዌብስተርን እመርጣለሁ። በ1870 ባሳተመችው ግጥም ገላዋን ሸጣ የምትኖር ሴት ትናገራለች። የልጅነት ማስታወሻ ደብተሯን ታነባለች። መስታወት ታያለች። ለወንድሟ ትምህርት ሲባል እሷ ምን እንደቀረባት ታስባለች። ጠበቃውም፣ ሰባኪውም፣ ሐኪሙም፣ ነጋዴውም በሥራቸው ከእኔ በምን ይሻላሉ ብላ ትጠይቃለች። አጠገቧ ሰሚ የለም፤ ያልኩት ደንብ እዚህ ላይ አይሠራም። ለዚህም ይመስለኛል ሁሉንም የምትናገረው። መጨረሻ ላይ አንዲት የምታውቃት ሴት ትመጣለች። ያን ጊዜ ያን ሁሉ ትውጠውና፣ እንኳን መጣሽ ውዴ፣ ብቻዬን ሆኜ ድብርት ይዞኝ ነበር ትላታለች።