«ወንዝን እናቴ የሚል አይበክለውም» ማን አላችሁ?

የአካባቢ ሥነ ምግባር ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ፣ በመጀመሪያው ሳምንት እጁን አውጥቶ ያንኑ ነገር የሚነግረኝ ተማሪ ጠፍቶ አያውቅም። «መምህር፣ ተፈጥሮን ቅዱስ ብሎ የሚያምን ሕዝብ እኮ አካባቢውን አይበክልም።» ሲሉት ያምራል። ልክ ግን አይደለም፤ መመለሱ ስለሰለቸኝ ጻፍኩት። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጋንጀስን እንይ። ለሂንዱ ምእመናን ወንዟ እናትም አምላክም ናት፤ የታጠበባት ከኃጢአቱ ይነጻል። ሕንድ እሷን ለማጽዳት በ1986 መንግሥታዊ ዕቅድ አውጥታ ነበር፤ የከተማ ፍሳሽና የፋብሪካ ዝቃጭ ግን ዛሬም ይገባባታል። «እንግዲያው እምነታቸው የአፍ ነው» ለማለት አትቸኩሉ። ለብዙው ምእመን ቆሻሻ ሌላ፣ ርኩሰት ሌላ ነው። ውሃው ይቆሽሽ ይሆናል፤ እሷ ግን አትረክስም። ሁሉን የምታነጻውን ማን ያረክሳታል? እንዲህ ለሚያምን ሰው «ጋንጀስ ተበከለች» ማለት እናቱን መስደብ ነው። አደጋውን የሸፈነው ያው ቅድስናዋ ነው።

ነገሩ በዚህም አያበቃም። የምሕንድስና ፕሮፌሰር የነበሩትና በኋላ የመነኑት ጂ ዲ አግራዋል፣ ወንዟ ያለ ግድብ ትፍሰስ ብለው 111 ቀን ጾመው በ2018 ሞቱ። እኚህም «እናቴ» ነው ያሏት። አንዱ በዚያች ቃል ተዘናጋ፣ ሌላው ሞተላት። ስለዚህ እባካችሁ የሰውን እምነት ሰምታችሁ ብቻ ተግባሩን አትተንብዩ።

ሌሎች ተማሪዎች ደግሞ «ጥፋቱ የመጽሐፍ ቅዱስ ነው» ይሉኛል። ይህን የሚጠቅሱት የታሪክ ምሁሩ ሊን ዋይት በ1967 ክርስትናን ለአካባቢ ቀውስ ተጠያቂ አድርጎ ከጻፈው ነው። ጽሑፉን እስከ መጨረሻው ያነበበ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም፤ መዝጊያው ላይ ፍጥረታትን ወንድሞቼ ይል የነበረው መነኩሴ፣ የአሲሲው ፍራንሲስ፣ የሥነ ምህዳር ሰዎች ጠባቂ ቅዱስ ይሁን ይላል። ጳጳሱ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ይህንኑ በ1979 አወጁ። «ግዙአት» የሚለው ኦሪት ዘፍጥረትም፣ ቀጣዩን ምዕራፍ ብትገልጡ፣ «ያበጃትም ይጠብቃትም ዘንድ» ይላል።

«ሃይማኖት ባይኖር ምድር ታርፍ ነበር።» የአራልን ባሕር ለጥጥ ብላ ያደረቀችው ሃይማኖትን የካደችው ሶቪየት ኅብረት ናት።

«ደን የሚጨርሰው ያልተማረ ነው።» የግድቡንና የማዕድን ማውጫውን ንድፍ ማን ሠራው?

«ነባር ሕዝቦች ተፈጥሮን ጎድተው አያውቁም።» ሞአ የተባለው ግዙፍ የኒው ዚላንድ ወፍ የማኦሪ አባቶች በደረሱ በ200 ዓመት ገደማ ውስጥ ታድኖ አለቀ። ልጆቻቸው ደግሞ ከረጅም ክርክር በኋላ የዋንጋኑይ ወንዝ በ2017 እንደ ሰው ሕጋዊ መብት እንዲያገኝ አድርገዋል። ሕዝብም ይማራል።

አንድ ተማሪዬ ለመመረቂያው «ተፈጥሮን ትወዳለህ?» የሚል መጠይቅ በትኖ ሁሉም «አዎ» ብለው መለሱለት፤ በደስታ ይዞልኝ መጣ። አልተቀበልኩትም። አመለካከት ልታጠኑ ከሆነ ፍቅሩን አትጠይቁት። ትናንት የጣለው ፌስታል የት እንደደረሰ፣ ቦታው ላይ ማጠራቀሚያ ይኑር አይኑር፣ ቢጥል ማን እንደሚቆጣው ጠይቁት። ስለ እምነቱ ከዚያ በኋላ ታወራላችሁ።