ከ50 በኋላ ከተማ ቀይሮ ሥራ መፈለግ፦ የሚባለውና እውነታው

በ50ዎቹ እድሜ ከተማ ቀይሬ ሥራ ልፈልግ ነው ያለ ሰው ምክር ሰጪ አይቸግረውም። ገሚሱ ያስፈራራዋል፣ ገሚሱ ያባብለዋል። እስቲ በብዛት የሚባሉትን አንድ በአንድ እንያቸው።

«ከ50 በላይ የሆነን ሰው ማን ይቀጥራል?»

ግማሽ እውነት ነው። አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ለሙከራ ያዘጋጇቸውን ከ40 ሺህ በላይ ማመልከቻዎች ለእውነተኛ ክፍት የሥራ ቦታዎች ልከው ነበር። ውጤቱ በ2019 ታተመ። ለጡረታ የተቃረቡ ሴቶች ከወጣቶቹ በግልጽ ያነሰ ጥሪ ደረሳቸው። በወንዶቹ ላይ ግን ማስረጃው ያን ያህል ጠንካራ አልነበረም። ስለዚህ «እድሜ ቁጥር ነው» የሚለው ማባበያም አያዋጣም። አድልዎው አለ። ግን ያነሰ ጥሪ ማለት ምንም ጥሪ የለም ማለት አይደለም። ፍለጋው ሊረዝም እንደሚችል አውቀው ይነሱ፤ የሚቆጥቡትንም ገንዘብ በዚያው ልክ ያስሉ።

«ትልቅ ሰው ለውጥ አይወድም፣ ቶሎ ይታክተዋል»

በ2012 የታተመና የቀደሙ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ሥራ፣ ስለ ትልልቅ ሠራተኞች የሚባሉ 6 ነገሮችን ፈትሿል። ለውጥ ይጠላሉ፣ ተነሳሽነት የላቸውም፣ ጤናቸው ደካማ ነው የሚሉት ድጋፍ አጡ። የቆመው አንዱ ብቻ ነው፦ ሥልጠና ላይ የመሳተፍ ፍላጎታቸው ዝቅ ይላል የሚለው። ልብ ይበሉ፣ መማር አይችሉም አላለም። እንግዲህ በቅርቡ የወሰዱት አጭር ኮርስ ሲቪዎ ላይ ካለ፣ ቀጣሪው በሆዱ የያዘውን ጥርጣሬ ሳይጠይቅ መለሱለት ማለት ነው።

«እዚያ ከተማ ዘመድ የለኝም፣ አለቀልኝ»

ይሄ ነው ሰውን በከንቱ የሚያስቀረው። ማርክ ግራኖቬተር የተባለ የሶሺዮሎጂ ተመራማሪ በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በሰው በኩል ሥራ ያገኙ ሰዎችን ጠይቆ ነበር። ጠቋሚውን ሰው ቶሎ ቶሎ ያገኙት የነበሩት 16.7 በመቶ ብቻ ሆኑ። 55.6 በመቶው አልፎ አልፎ፣ 27.8 በመቶው ደግሞ ከስንት አንዴ ነበር የሚያገኙት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የቅርብ ወዳጅ የሚሰማው እርስዎ የሚሰሙትን ነው። ራቅ ያለው ሰው ሌላ ወሬ አለው።

እዚህ ላይ እድሜ ይጠቅማል። የ25 ዓመት ወጣት የድሮ ባልደረባ ከየት ያመጣል? እርስዎ ግን የ30 ዓመት ትውውቅ አለዎት፤ ከመሃላቸው አንዱ ወደዚያ ከተማ ሳይገባ አይቀርም። ይደውሉለት። «ሥራ ፈልግልኝ» ካሉት ይጨነቃል፣ ይሸሻል። «ስለ ከተማው የሥራ ሁኔታ 15 ደቂቃ አውራኝ» ቢሉት ግን ደስ ብሎት ያወራል። ወሬው መሃል የሰው ስም ይጠራል። የሚፈልጉትም እሱን ነው።

«የሠራሁት ሁሉ ሲቪው ላይ ይግባ»

አይግባ። ያለፉት 10 ወይም 15 ዓመታት ይበቃሉ። መዋሸት አይደለም፣ መምረጥ ነው።

«ደመወዝ ዝቅ ካደረግኩ ይቀጥሩኛል»

ብዙ ጊዜ ጭራሽ ያስጠረጥራል። ቀጣሪው «የተሻለ ሲያገኝ ጥሎኝ ይሄዳል» ብሎ ያስባል። ከዋጋ ቅናሽ ይልቅ ምክንያት ይስጡት፦ ለምን ይህን ከተማ መረጡ? ለምን ከኃላፊነት ወረዱ? «ልጆቼ እዚህ ናቸው፣ ከእንግዲህ የትም አልሄድም» የምትል አንዲት እውነተኛ ዓረፍተ ነገር ስጋቱን ታቀልለታለች።

«ልሂድ፣ ሥራው እዚያው ይገኛል»

ወጣት ሆኖ፣ በጓደኛ ቤት ተጠግቶ፣ ሊሞከር ይችላል። ቤተሰብና ዕቃ ይዞ ግን ይከብዳል። ብዙ አከራይ የገቢ ማስረጃ ይጠይቃል፤ ሥራ የሌለው ሰው ደግሞ ያ ማስረጃ የለውም። ስለዚህ ካሉበት ሆነው ያመልክቱ፣ በደብዳቤው ላይ የሚዛወሩበትን ወር ይጻፉ። ከተቻለም ለ2 ሳምንት ብቻዎን ሄደው ቃለ መጠይቆቹን በዚያ ጊዜ ውስጥ ይሰብስቡ። ዕቃው ባለበት ይቆይ።